የዳህላክ ከቢር መቃብሮችና የሕጡምሎ ዚያራ

የሞተ ሰው ስም በምድር ላይ የሚቆየው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው በድንጋይ ላይ ሲቀረጽ፣ ሁለተኛው ሕያዋን እየተመላለሱ ሲጠሩት ነው። ድንጋዩ ጠያቂ ካጣ ውሎ አድሮ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ይቆጠራል፤ ጠያቂውም ጽሑፍ ከሌለው የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ ታሪኩ ከእነርሱ ጋር ያልፋል። በምፅዋ ዙሪያ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለየብቻ የሚያሳዩ ሁለት የእስልምና ቅርሶች ይገኛሉ። አንዱ በዳህላክ ከቢር ደሴት ያለው ጥንታዊ የመቃብር ስፍራ ሲሆን፣ ሁለተኛው በምድር ወገን በሕጡምሎ የሚገኘው የሰይድ ሃሽም አል-ሚርጋኒ መቃብር ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጽሑፍ እያለው ጠያቂ አጣ፤ የሁለተኛው ክብር ግን በጠያቂዎቹ ብዛት ጸንቶ ቆየ። ሁለቱን እያነጻጸረ የሚመለከት ሰው፣ ቅርስን የሚያቆየው ምን እንደሆነ ያለ ብዙ ድካም ይረዳል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የሂጅራ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. የደሴቲቱ ታሪክ ባጭሩ

የዳህላክ ደሴቶች ከምፅዋ በስተምሥራቅ በቀይ ባሕር ላይ ተበትነው ይገኛሉ፤ ቁጥራቸውም ከመቶ ይበልጣል። ከሁሉ የሚሰፋው ዳህላክ ከቢር ነው፤ ይኸውም በዓረብኛ «ታላቁ ዳህላክ» ማለት ነው። ምድሩ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ፣ ከባሕር ኮራል ድንጋይ የተሠራ፣ ወንዝም ምንጭም የሌለው ነው። የጥንት ነዋሪዎች ይህን ችግር ለማሸነፍ ሲሉ የኮራሉን ድንጋይ እየቦረቦሩ የዝናም ውኃ የሚጠራቀምባቸው ብዙ ጉድጓዶች ሠርተዋል። የአገሬው ሰዎች ቁጥራቸው በዓመቱ ቀኖች ልክ 365 ነበር፣ ለያንዳንዱ ቀንም አንድ ጉድጓድ ይከፈት ነበር እያሉ ይተርካሉ። ቁጥሩ የአፈ ታሪክ ቢሆንም፣ በዚህ ደረቅ ደሴት ላይ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ከተማ እንደነበረ ጉድጓዶቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

በ702 ዓመት ገደማ፣ ከሐበሻ ወገን የተነሡ የባሕር ወራሪዎች የጅዳን ወደብ ከመቱ በኋላ፣ የኡመውያ መንግሥት ደሴቶቹን ያዘ። ከዚያም በኋላ ዳህላክ የግዞት ስፍራ ሆነ። በ8ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ኸሊፋው የተቆጣው የመዲናው ባለቅኔ አል-አሕወስ ወደዚህ ተግዞ ነበር። ዘመን እያለፈ ሲሄድ ግን የግዞቱ ደሴት የንግድ ደሴት ሆነ። ከግብጽ ተነሥተው ወደ ሕንድ የሚመላለሱ ነጋዴዎች በመካከለኛው ዘመን የተጻጻፏቸውና በካይሮ በአንድ አሮጌ ምኩራብ ውስጥ የተገኙት ደብዳቤዎች ዳህላክን እንደ ወደብ ይጠቅሷታል።

ከየመን ጋር የነበረውም ግንኙነት የጠበቀ ነበር። የዘቢድ ገዥ የነበረው ነጃሕ በትውልዱ ሐበሻ ሲሆን፣ ከሞተ በኋላ በ11ኛው ምዕተ ዓመት ልጆቹ ከጠላቶቻቸው ሸሽተው የተጠለሉት በዳህላክ ነው። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ደሴቲቱ የራሷን ስልጣኖች ማንገሥ ጀመረች። በ1557 ዓመት ቱርኮች ምፅዋን በያዙ ጊዜ ግን የዳህላክ ታላቅነት ዘመን እያለፈ ነበር። ከተማዋ ፈረሰች፤ ንግዱም ወደ ምፅዋ ዞረ። ከቀድሞው ክብር ጎልቶ የቀረው የመቃብሩ ስፍራ ነው።

2. የመቃብሩ ድንጋይ እንዴት ይነበባል

የመቃብሩ ስፍራ በዳህላክ ከቢር መንደር አጠገብ ይገኛል። ከዚህ ስፍራ ከሁለት መቶ የሚበልጡ የተጻፈባቸው ድንጋዮች ታውቀዋል። የብዙዎቹ ዓይነት ባዛልት የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ደሴቲቱ ነጣ ያለ የኮራል ምድር ስለሆነች፣ ጥቁሩ ድንጋይ ከሌላ ስፍራ በጀልባ ተጭኖ የመጣ መሆኑን ማስተዋል አያዳግትም። ይህም የሟቹ ቤተሰብ ለስሙ ምን ያህል እንደደከመ ያሳያል።

ድንጋዩን ከማንበብ አስቀድሞ የመቃብሩን አቀማመጥ መመልከት ይገባል። በእስልምና ሥርዓት ሟቹ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱን ወደ መካ ይዞ ይቀበራል። መካ ከዳህላክ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ሊባል ስለሚቻል፣ የዚህ ስፍራ መቃብር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ይሆናል፤ የሟቹም ራስ በምሥራቅ፣ እግሩ በምዕራብ፣ ፊቱ በሰሜን ይውላል። ክርስቲያን ሲቀበር ግን ራሱ በምዕራብ ሆኖ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከት፣ ሁለቱ መቃብሮች በመዘርጋት ቢመሳሰሉም በራስና በእግር ይለያያሉ። ይህን ያወቀ ጎብኚ ጽሑፉ የጠፋበትን መቃብር እንኳ ባለማስተዋል አይረግጥም።

ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሥርዓት ይከተላል። መጀመሪያ የአላህ ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ ከቁርኣን የተወሰደ ቃል ይቀረጻል፤ ከዚያ በኋላ «ይህ የእገሌ የእገሌ ልጅ መቃብር ነው» የሚለው ይመጣል፤ በመጨረሻም የሞተበት ቀን፣ ወርና ዓመት ይጻፍና የምሕረት ልመና ይጨመርበታል። የቀደሙት ድንጋዮች ኩፊ በሚባለው፣ ማዕዘን በበዛበት የዓረብኛ አጻጻፍ የተቀረጹ ሲሆኑ፣ የኋለኞቹ ነስኽ በሚባለው ክብ አጻጻፍ ተጽፈዋል። ስለዚህ ዓመቱ የተሰበረበት ድንጋይ እንኳ ከፊደሉ ቅርጽ ዘመኑ ሊገመት ይችላል።

አማርኛና ግዕዝ የሚያውቅ ሰው በዚህ ጽሑፍ ፊት ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ዓረብኛው «ቀብር» ሲል የእኛው «መቃብር» ነው፤ «ራሕማ» ሲልም «ምሕረት» የሚለውን ቃል ያስታውሳል። «ለይል» ከሌሊት፣ «የውም» ከግዕዙ ዮም ጋር ይዛመዳል። ቁጥሮቹም እንደዚሁ ናቸው፤ «አርበዒን» አርብዓ፣ «ሰብዒን» ሰብዓ፣ «ቲስዒን» ተስዓ፣ «ሚአ» ምእት ነው። ሟቹ ወንድ ከሆነ በስሙና በአባቱ ስም መካከል «ኢብን»፣ ሴት ከሆነች «ቢንት» የሚል ቃል ይገባል። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ቃላት ብቻ ለይቶ ያወቀ ጎብኚ፣ የተቀበረው ወንድ ይሁን ሴት ለማወቅ ይችላል።

ነገር ግን ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። በጥንቱ ኩፊ ፊደሎችን የሚለዩት ነጥቦች አይጻፉም ነበር። ነጥብ ከሌለ ደግሞ በዓረብኛ ሰባትና ዘጠኝ፣ ሰብዓና ተስዓ በቅርጽ አንድ ይሆናሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ድንጋይ ሲነበብ የሃያ ዓመት ስሕተት ሊገባ ይችላል። ሊቃውንት ይህን የሚፈቱት በድንጋዩ ላይ የተጻፈውን የሳምንት ቀን ከወሩ ቀን ጋር በማስተያየት፣ ወይም በአጠገቡ ያሉትን የቤተሰቡን መቃብሮች በማነጻጸር ነው። በአጠገብ ያለው መቃብር ለንባቡ ምስክር መሆኑን አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ኋላ ይጠቅመዋልና።

ሌላው ትምህርት የዘመን አቆጣጠር ነው። የሂጅራ ዘመን ከ622 ዓመት ይጀምራል። ዓመቱ በጨረቃ ስለሚቈጠር 354 ወይም 355 ቀን ብቻ ነው፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያንሳል። ስለዚህ የሂጅራውን ዓመት በ97 አባዝቶ ለመቶ ማካፈልና 622 መጨመር ለአውሮጳው ዓመት የቀረበ ቁጥር ይሰጣል። ለምሳሌ፣ ከዳህላክ ስልጣኖች መጀመሪያ የሚታወቀው ሙባረክ የሞተው በ486 ዓመተ ሂጅራ ነው። 486 በ97 ተባዝቶ ለመቶ ሲካፈል 471 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 622 ሲጨመር 1093 ይመጣል። ከዚህም ላይ 7 ወይም 8 ቢቀነስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1086 ወይም 1085 ይሆናል። ይህን ስሌት ከልጅ እስከ አዋቂ ማንም በወረቀት ላይ ሊሠራው ይችላል።

3. ድንጋዮቹ የሚመሰክሩት ታሪክ

የታወቁት ድንጋዮች ከ10ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ እስከ 16ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ያለውን ዘመን ይሸፍናሉ። የዳህላክ ስልጣኖች የራሳቸው ዜና መዋዕል ሳይደርሰን ስለቀረ፣ የብዙዎቹን ስምና የሞቱበትን ዓመት የነገረን የመቃብራቸው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ባይኖር ኖሮ ንጉሡም ባልታወቀ ነበር።

የከበሩት ብቻ አይደሉም። በዳህላክ ድንጋዮች ላይ የሴቶች ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ዘመን ስለ ቀይ ባሕር የተጻፉት መጻሕፍት የሚያወሩት ስለ ገዥዎች፣ ስለ መርከቦችና ስለ ቀረጥ ነው፤ ስለ አንዲት የደሴት ሴት ግን ምንም አይሉም። እርሷን የሚያስታውሳት አንድ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። በስም ላይ የሚቀጠለው የአገር ወይም የነገድ መጠሪያም ሰዎቹ ከየት እንደመጡ ፍንጭ ይሰጣል። ስለዚህ የመቃብሩ ስፍራ ለዳህላክ እንደ ሕዝብ መዝገብ ሆኖ ያገለግላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

4. ድንጋዮቹ ስለ ተበተኑበት ሁኔታ

ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ወደ ደሴቲቱ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ድንጋዮቹን እያነሡ ወሰዱ። ዛሬ ከእነርሱ ብዙዎቹ በኢጣልያ በሞዴና፣ በግብጽ በካይሮ፣ በፈረንሳይና በአሥመራ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። ሊቃውንትም ጽሑፎቹን በየጊዜው አጥንተው አሳትመዋል። ፈረንሳዊው ረኔ ባሴ በ1893 ዓመት ስለ ዳህላክ ጽሑፎች ጥናት አወጣ፤ ኢጣልያዊው ጆቫኒ ኦማን በ1976 ዓመት ስለ መቃብሩ ስፍራ ሰፊ መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ፤ ማድሌን ሽናይደርም በ1983 ዓመት የድንጋዮቹን ጽሑፍ በሁለት ክፍል ሰብስባ አሳተመች። በእነዚህ ሰዎች ድካም ብዙ ስም ከመጥፋት ድኗል፤ ይህን መካድ አይገባም።

ሆኖም ድንጋይ ከስፍራው ሲነሣ የሚጠፋ ነገር አለ። ወደ ቤተ መዘክር የገባው ድንጋይ ጽሑፉ ይነበባል፤ ነገር ግን ከማን አጠገብ እንደቆመ፣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀብረው እንደሆነ፣ ልጁ በአባቱ እግር ሥር ይሁን ወይም ርቆ፣ አይታወቅም። ከላይ እንደተባለው፣ ዓመቱ በሚያጠራጥርበት ጊዜ የሚመሰክረው ጎረቤቱ መቃብር ነው፤ ድንጋዩ ከተነሣ ግን ምስክሩ ይጠፋል። በስፍራው የቀረው መቃብር ደግሞ ስም የለሽ ይሆናል። ስም ያለ መቃብር በሩቅ አገር፣ መቃብር ያለ ስም በደሴቲቱ ላይ ይቀራሉ ማለት ነው።

ጉዳት የሚመጣው ከሩቅ አገር ሰው ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን የሚያስርበት ከባድ ነገር ቢያጣና ከወደቁት ድንጋዮች አንዱን ቢያነሣ፣ ወይም አንድ ግንበኛ ለቤት መሠረት ቢጠቀምበት፣ በክፋት አይደለም፤ የማን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ስለሌለ ነው። ጠያቂ ያጣ ድንጋይ ለቅርብ ሰውም ለሩቅ ሰውም ያው ድንጋይ ሆኖ ይታያል።

5. የሕጡምሎ ዚያራ

አሁን ከደሴቲቱ ወደ ምድር እንመለስ። ከምፅዋ ደሴት ተነሥቶ በጥዋለት በኩል ወደ ምድር የሚያሻግረውን የድልድይ መንገድ የተከተለ ሰው ሕጡምሎን ያገኛል። ይህ መንገድ የተሠራው ምፅዋ በግብጽ አስተዳደር ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ በ1870ዎቹ ዓመታት፣ ገዥ በነበረው በስዊሳዊው ሙንዚንገር ዘመን ነው። ከዚያ አስቀድሞ የደሴቲቱ ሕዝብ የሚጠጣውን ውኃ ከሕጡምሎና ከእምኵሉ ጉድጓዶች ያስቀዳ ስለነበር፣ ሕጡምሎ ለከተማው ሕይወት አስፈላጊ መንደር ነበረች።

ሰይድ ሃሽም አል-ሚርጋኒ በዚህ መንደር ተቀመጠ። አባቱ ሰይድ ሙሐመድ ዑስማን አል-ሚርጋኒ የኸትሚያ ጠሪቃ መሥራች ሲሆን፣ የታላቁ ሱፊ የአሕመድ ኢብን ኢድሪስ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ያረፈውም በ1852 ዓመት ነው። ጠሪቃ ማለት መንገድ ማለት ነው፤ ይኸውም አንድ ሙሪድ በሼኹ መሪነት በጸሎትና በዚክር ወደ ፈጣሪ የሚቀርብበት ሥርዓት ነው። ከመሥራቹ ልጆች ሰይድ ሐሰን በሱዳን በከሰላ ተቀምጦ በ1869 ዓመት ሲያርፍ፣ መቃብሩ ከታካ ተራራ ሥር እስከ ዛሬ ይጎበኛል። ሰይድ ሃሽም ደግሞ በ1860 ዓመት ገደማ ወደ ምፅዋ መጥቶ በሕጡምሎ ሲያስተምር ኖሮ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ ልጁ ሲቲ ዓለውያ እስከ ሞተችበት እስከ 1940 ዓመት ድረስ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ተሰሚነት ያላት እመቤት ሆና ኖረች። ሴት ሆና እንዲህ ያለ መንፈሳዊ ክብር ማግኘቷ በዘመኑ የነበሩትን የኢጣልያ ሹማምንት ሳይቀር ያስደንቅ ነበር።

ወደ ወልይ መቃብር ለጸሎትና ለሰላምታ መሄድ ዚያራ ይባላል። ቃሉ በወሎም፣ በሐረርም፣ በምፅዋም አንድ ነው። ዚያራ ያደረገ ሰው ጫማውን በደጅ አውልቆ በቀኝ እግሩ ይገባል፤ በጨርቅ በተሸፈነው መቃብር ፊት ቆሞ ለሟቹ ሰላምታ ይሰጣል፤ ፋቲሓን ይቀራል፤ ከዚያም ለሙታንና ለሕያዋን ዱዓ ያደርጋል። ሱፊዎች ወልይ የሚሉት ለአላህ ወዳጅ የሆነውን ሰው ነው፤ በእርሱ አማካይነት የሚገኘውንም በጎ ነገር በረካ ይሉታል። የወልዩ ዕረፍት መታሰቢያ በያመቱ ሲከበር ሐውልያ ይባላል። በዚያን ጊዜ ከሩቅ የሚመጣው ከቅርቡ ጋር ይገናኛል፤ ድኻው ይበላል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ የመሥራቹም የመውሊድ ድርሰት በዜማ ይነበባል።

የዚህ ዓይነቱ መቃብር ሲያረጅ የሚያድሰው፣ ሲቆሽሽ የሚጠርገው፣ ሲጨልም የሚያበራለት አይታጣም። ይህን የሚያደርገውም ትእዛዝ ወይም ደመወዝ ሳይሆን ልማድ ነው። የሚጎበኘው ሰው ብዙ ስለሆነ ለመስረቅ የሚደፍር አይኖርም፤ ለማፍረስ የሚነሣም ብዙ ጠባቂ ያገኘዋል።

6. ስለ መቃብር ጉብኝት ያለው ክርክር

በእስልምና ውስጥ ስለ መቃብር ጉብኝት አንድ ሐሳብ ብቻ የለም። ነቢዩ አስቀድመው መቃብር መጎብኘትን እንደከለከሉ፣ ኋላም የመጪውን ዓለም የሚያሳስብ ስለሆነ እንደፈቀዱ በሐዲስ ተዘግቧል። በዚህ ላይ ብዙዎቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። ክርክሩ ያለው በመቃብር ላይ ቁባ መሥራትና በወልዩ ስም መማጸን ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ነው። ሱፊዎች «የሚለመነው አላህ ብቻ ነው፤ ወልዩ የሚከበረው ወዳጁ ስለሆነ ነው» ይላሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ «ክብሩ ቀስ በቀስ ወደ አምልኮ ይለወጣል» ብለው ይሠጋሉ።

ክርክሩ በቃል ሲቆይ የሊቃውንት ጉዳይ ነው፤ ወደ ዶማ ሲለወጥ ግን የሁሉ ጉዳይ ይሆናል። በመዲና በአል-በቂዕ የመቃብር ስፍራ የነበሩት ቁባዎች በ1920ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ፈርሰዋል። በማሊ በቲምቡክቱ ከተማም በ2012 ዓመት ታጣቂዎች የወልዮችን መቃብሮች አፈረሱ፤ ከአጥፊዎቹም አንዱ በ2016 ዓመት በሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ቀርቦ የዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈረደበት። የቲምቡክቱ መቃብሮች ግን ዕውቀቱን ከአባቶቻቸው በወረሱት በአገሩ ግንበኞች እጅ እንደገና ተሠርተዋል። የሚሠራው ሰው የተገኘው ዕውቀቱ በሕይወት ስለነበረ ነው።

7. ጎብኚ ሊጠብቀው የሚገባ ሥርዓት

ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ የአገሩም ሰው ሆነ እንግዳ፣ ወደነዚህ ስፍራዎች ሲሄድ የሚከተሉትን ነገሮች ቢጠብቅ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ከመግባቱ በፊት ጠባቂውን ወይም የመንደሩን ሽማግሌ ያስፈቅድ። ፈቃድ መጠየቅ በር የሚከፍት እንጂ የሚዘጋ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ በወልይ መቃብር ደጃፍ ጫማውን ያውልቅ፤ ልብሱም የተከደነ ይሁን። ሴቶችና ወንዶች የሚቆሙበት ስፍራ የተለየ ከሆነ ያንን ይጠብቅ።

ሦስተኛ፣ በመቃብር ላይ አይቀመጥ፣ አይራመድም። የቆመ ድንጋይ ባይኖርም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተደረደረ የድንጋይ ክብ ካየ መቃብር መሆኑን ይወቅ።

አራተኛ፣ ጽሑፉ ጎልቶ እንዲታይ ብሎ በድንጋይ ላይ ኖራ፣ ከሰል፣ ቀለም ወይም ዘይት አይቀባ፤ በብረትም አይፋቅ። የባሕር ጨው ለዘመናት ያሳሳው ፊት በአንድ ፍቀት ይረግፋል። ጽሑፍ በደንብ የሚታየው ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይ በጎን ስትመታው ነው፤ ፎቶግራፍም በዚያ ሰዓት ቢነሣ ይሻላል።

አምስተኛ፣ የወደቀ ድንጋይ ቢያገኝ አያንሣ፣ ወደ ሌላ ስፍራም አይውሰድ። ያገኘበትን ስፍራ ምልክት ይዞ ለሚመለከተው ሰው ያስታውቅ።

ስድስተኛ፣ በዚያ ለሚጸልዩት ሰዎች ጸጥታን ይስጥ። ስለ እምነታቸው መጠየቅ ቢፈልግ ጸሎቱ እስኪፈጸም ይቆይ።

8. የሹማምንትና የከተማ ሕዝብ ድርሻ

የቀበሌ ሹም ወይም የአስተዳደር ጸሐፊ ይህን ሲያነብ «ለዚህ ሥራ ገንዘብ ከየት ይገኛል» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነገር ግን ከሁሉ የሚቀድመው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ መዝገብ፣ አንድ መለኪያ ገመድና አንድ የፎቶግራፍ መሣሪያ ይበቃል። በመዝገቡ ላይ ለያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁመቱና ስፋቱ ይጻፋል፤ ከአጠገቡ ካሉት መቃብሮች ያለው ርቀትና አቅጣጫ ይመዘገባል፤ የቆመ፣ የወደቀ ወይም የተሰበረ መሆኑ ይገለጻል። ቁጥሩ በድንጋዩ ላይ ሳይሆን በካርታው ላይ ብቻ ይጻፍ። አንባቢ ባይገኝ እንኳ ፎቶግራፉና ስፍራው ከተያዘ፣ ንባቡ በሌላ ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ስፍራው ካልተመዘገበ ግን በኋላ የሚመጣ ሊቅ ምንም ያህል ቢማር ሊመልሰው አይችልም።

ሁለተኛው ሥራ ጥገናን በሚመለከት ነው። በጎ አሳቢ ሰው የአሮጌ ቁባ ግድግዳ ሲሰነጠቅ አይቶ በሲሚንቶ ሊለስነው ይፈልጋል። በምፅዋና በደሴቶቹ የጥንት ሕንፃዎች ግን የተሠሩት ከኮራል ድንጋይና ከኖራ ነው፤ ይህም እርጥበትን የሚያስገባና የሚያስወጣ ግንብ ነው። ሲሚንቶ እርጥበቱንና ጨውን በውስጥ ስለሚዘጋ ኮራሉ ከውስጥ እየተፈረፈረ ይሄዳል። ስለዚህ ከመጠገን በፊት ኖራ አቡክቶ መለሰን የሚያውቅ አሮጌ ግንበኛ መፈለግና ለወጣቶች እንዲያስተምር ማድረግ ይገባል።

ሦስተኛው ሥራ የመምህራንና የወላጆች ነው። ከሕጡምሎ ዚያራ ልጅ የሚማረው በአባቱ እጅ ተይዞ ሲሄድ ነው። ስለ ዳህላክ ግን የሚወስደው አባት ስለሌለ ትምህርት ቤት የአባትን ስፍራ ሊይዝ ይገባል። ከላይ የተሰጠውን የዘመን ስሌት የሠራ፣ «ኢብን»ንና «ቢንት»ን የለየ ተማሪ፣ አድጎ ዓሣ አጥማጅ ቢሆን ጀልባውን በመቃብር ድንጋይ አያስርም፤ ነጋዴም ቢሆን ለእንግዳ አይሸጠውም።

ወደ ውጭ አገር የሄዱትን ድንጋዮች ማስመለስ ረጅም ጉዳይ ነው፤ የመንግሥታት ስምምነትም ያስፈልገዋል። ነገር ግን ያንን የሚጠይቅ ሕዝብ አስቀድሞ በእጁ የቀረውን የጠበቀ መሆን አለበት። አንድ ቀን ከሩቅ የሚመለስ ድንጋይ ቢኖር፣ «የማን ነው? የት ይቁም?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው ዛሬ የሚጻፈው መዝገብ ነው።

የሕጡምሎው መቃብር በሰው እግር ተጠብቆ ኖረ፤ የዳህላክ መቃብሮች ጽሑፋቸውን ይዘው ሰው ሲጠብቁ ኖሩ። ለአንዱ የመዝገብ ጸሐፊ፣ ለሌላው ጠያቂ ቢገኝ፣ ሁለቱም ለሚመጣው ትውልድ ይደርሳሉ። በድንጋዩ ላይ ስሟ የቀረላት ያች የዳህላክ ሴት ከመንገደኛው የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ስሟን አንብቦ ምሕረት ይለምንላት ዘንድ፤ ማንበብ ባይችል ደግሞ ድንጋዩን እንደቆመ ይተወው ዘንድ።